ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ተመላልሶ የሚመጣ የፋይል ሲስተም ስህተት፦ ምንጩን ፈልጎ የማግኘት መመሪያ

«ኤፍኤስሲኬ አስኬድኩ፣ ጠገነልኝ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ዲስኩ እንደገና ለንባብ ብቻ ሆኖ ተቆለፈ። ምን ላድርግ?» የቤት ሰርቨር ካላቸው ሰዎች ይህ ጥያቄ በየጊዜው ስለሚመጣ፣ መልሱን በቅደም ተከተል እነሆ።

በመጀመሪያ ኤፍኤስሲኬን፣ ማለትም የሊኑክስን የፋይል ሲስተም መፈተሻና መጠገኛ ፕሮግራም፣ ደግመው ለማስኬድ አይቸኩሉ። ኤፍኤስሲኬ የተበላሸውን የፋይል ሲስተም መዝገብ ያስተካክላል እንጂ መዝገቡን ያበላሸውን ነገር አያገኘውም። ስህተቱ አንድ ጊዜ ታይቶ ከጠፋ ምክንያቱ ኃይል በድንገት መቋረጡ ሊሆን ይችላል። ከተጠገነ በኋላ ተመልሶ ከመጣ ግን ከሥር ሆኖ የሚያበላሽ ነገር አለ፦ የሚሞት ዲስክ፣ የላላ ገመድ፣ የማይበቃ ኃይል፣ የተበላሸ ራም፣ ወይም አንዱን ዲስክ በአንድ ጊዜ ሁለት ሲስተም ማውንት ማድረጉ (ለአገልግሎት ማያያዙ)። ያ ነገር ሳይወገድ በተደጋጋሚ መጠገን ጉዳቱን ያሰፋዋል፤ ኤፍኤስሲኬ በተሳሳተ ንባብ ላይ ተመሥርቶ ደህና የነበሩ ፋይሎችን ሊያጠፋ ይችላልና።

መመሪያው በዋናነት ኤክስት4 ለተባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ነው። ለኤክስኤፍኤስና ለቢቲአርኤፍኤስ የሚለየው ደረጃ 8 ላይ ተቀምጧል።

ስለ ትዕዛዞቹ አጻጻፍ፦ ትዕዛዞችና አማራጮች እዚህ በፊደላቸው ስም ተጽፈዋል፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ትንሽ ፊደል ይጻፏቸው። ትልቅ ፊደል ሲያስፈልግ እዚያው ይነገራል። በምሳሌዎቹ ውስጥ ችግር ያለበት ዲስክ /ዴቭ/ኤስዲቢ፣ ፓርቲሽኑ ደግሞ /ዴቭ/ኤስዲቢ1 ነው። የእርስዎን ስም «ኤልኤስቢኤልኬ -ኤፍ» በሚለው ትዕዛዝ ያረጋግጡ። እነዚህ ስሞች ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር ሊቀያየሩ ስለሚችሉ ማረጋገጡ ከእያንዳንዱ አደገኛ ትዕዛዝ በፊት ይደገማል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከችግረኛው ዲስክ መጠኑ የማያንስ ባዶ ዲስክ። እኩል ነው ተብሎ የተገዛ ዲስክ በጥቂት ሴክተር (የዲስክ ትንሿ ክፍል) ሊያንስ ስለሚችል ከፍ ያለ መጠን ይምረጡ።
- የሊኑክስ ላይቭ ዩኤስቢ። በውስጡ ያለው ኢ2ኤፍኤስፕሮግስ (የኤክስት4 መጠገኛ መሣሪያዎች ጥቅል) ሰርቨርዎ ላይ ካለው ያረጀ መሆን የለበትም፤ ያረጀ ከሆነ የማያውቀው ባሕርይ ሲገጥመው አልሠራም ይላል።
- አዲስ የሳታ ዳታ ገመድ፣ መቆለፊያ ምላስ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ዲስኩ የውጭ ከሆነ ሌላ የዩኤስቢ ገመድና የራሱ ኃይል ሰጪ ያለው ሃብ።
- እነዚህ ፕሮግራሞች፦ ስማርትሞንቱልስ (የዲስክ ጤና መመርመሪያ)፣ ዲዲሬስኪዩ (የሚሞት ዲስክ መገልበጫ)፣ ሜምቴስት86ፕላስ (የራም መፈተሻ)። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ የዲዲሬስኪዩ ጥቅል ስም ጂዲዲሬስኪዩ ነው።
- ሎግ የሚቀመጥበት ሌላ ኮምፒውተር፣ እና ቁጥር የሚመዘገብበት ወረቀት። ወረቀቱን አይናቁት፤ ከታች እንደሚታየው ምርመራው በሙሉ የቆመው የዛሬን ቁጥር ከነገው ጋር በማነጻጸር ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ

- ማውንት የተደረገ ፋይል ሲስተም ላይ የሚጠግን ኤፍኤስሲኬ በፍጹም አያስኪዱ። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) በራም የያዘው መረጃና ኤፍኤስሲኬ ዲስኩ ላይ የሚጽፈው ስለሚጋጩ ደህናው ይበላሻል።
- ሬይድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያዋሕድ አሠራር) ካለዎት የሬይዱን አባል ዲስክ ለብቻው አይጠግኑ። የሚጠገነው እንደ /ዴቭ/ኤምዲ0 ያለው የተዋሐደው ዲስክ ነው።
- ዲስኩ የሚንኳኳ ወይም የሚንጫረር ድምፅ ካሰማ ከዚህ ውስጥ አንዱንም ደረጃ አይሞክሩ። ኃይሉን ይንቀሉ። ዳታው ብርቅ ከሆነ ለዳታ ማዳን ባለሙያ ይስጡ።

ደረጃ 1፦ ሰርቨሩን ዳግም ከማስነሣትዎ በፊት ሎጉን ያውጡ

አብዛኛው ሰው መረጃ የሚያጣው እዚህ ነው። ሩት ፋይል ሲስተሙ (ሲስተሙ ራሱ ያለበት) ለንባብ ብቻ ከሆነ ሲስተሙ ከዚያ በኋላ የሆነውን ዲስክ ላይ መጻፍ አይችልም፤ ማስረጃው ያለው ራም ውስጥ ብቻ ነው። ዳግም ሲያስነሡት አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከሌላ ኮምፒውተር ሆነው እንዲህ ያውጡት፦

ኤስኤስኤች ሰርቨሬ ሱዶ ዲሜስጂ -ቲ > ሎግ1

እዚህ «ቲ» ትልቅ ፊደል ነች፤ የእያንዳንዱን መስመር ሰዓት በሚነበብ መልኩ ታሳያለች። ፋይሉ የሚቀመጠው ትዕዛዙን በጻፉበት ኮምፒውተር ላይ እንጂ ሰርቨሩ ላይ አይደለም።

ሰርቨሩ ቀድሞ ተነሥቶ ከሆነ ያለፈውን ቡት ሎግ ይሞክሩ፦

ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ኬ -ቢ -1

ምንም ካልተገኘ /ቫር/ሎግ/ጆርናል የሚባለው ማውጫ መኖሩን ይዩ። ከሌለ ይፍጠሩትና የጆርናል አገልግሎቱን ዳግም ያስነሡ፤ አለዚያ ሎጉ ቡት በተደረገ ቁጥር ይጠፋል።

ደረጃ 2፦ መጻፍ አቁመው ዳታውን ይቅዱ

ዲስኩ ላይ የሚጽፉትን አገልግሎቶች ሁሉ ያቁሙ፦ ዳታቤዝ፣ ኮንቴይነሮች፣ የፎቶና የፊልም ሰርቨሮች፣ አውቶማቲክ ባክአፕ። አውቶማቲክ ባክአፑ የሚቆመው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛው የዲስኩን ሥራ ለመቀነስ፣ ሁለተኛውና ዋናው የተበላሸው ፋይል በደህናው ቅጂ ላይ እንዳይጻፍበት ነው።

ከዚያ ፓርቲሽኑን ለንባብ ብቻ አድርገው ማውንት ያድርጉና በመጀመሪያ የማይተካውን ይቅዱ። ቅደም ተከተሉን በመጠን ሳይሆን በዋጋ ይወስኑ፤ ከኢንተርኔት ተመልሶ የሚወርድ ነገር መጨረሻ ላይ ይጠብቅ። መቅዳቱ አንድ ፋይል ላይ ከቆመና ሎጉ የንባብ ስህተት ካሳየ እዚያ ፋይል ላይ አይታገሉ፤ ዘለው ወደ ደረጃ 4 ይሂዱ።

ደረጃ 3፦ ሎጉ ውስጥ የመጀመሪያዋን መስመር ይፈልጉ

ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው ኤክስት4 ብሎ በሚጀምረውና «ሪማውንቲንግ ፋይልሲስተም ሪድ-ኦንሊ» በሚለው መስመር ላይ ነው። ያ መስመር የነገሩ መጨረሻ ነው። ከእሱ ወደ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይውጡና ከዲስኩ ወይም ከገመዱ ግንኙነት የመጣ የመጀመሪያ ቅሬታ መኖሩን ይዩ። ሎጉን «ኤረር» በሚል ቃል ብቻ አያጣሩት፤ ዋናዋ ፍንጭ ያ ቃል ላይኖራት ይችላል።

የሚታየውን እንዲህ ይተርጉሙት።

«ዩኤንሲ» ወይም «ክሪቲካል ሚዲየም ኤረር» ካለ ዲስኩ የራሱን ሴክተር ማንበብ አቅቶታል። ገመድ ቢቀይሩ አይድንም። ወደ ደረጃ 4።

«አይሲአርሲ» ከ«ኤቢአርቲ» ጋር ካለ፣ ወይም «ሊሚቲንግ ሳታ ሊንክ ስፒድ» የሚል ከታየ ዳታው በመንገድ ላይ ተበላሽቷል። ዲስኩ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ጥርጣሬው ገመዱና መሰኪያው ላይ ነው። ከርነሉ ፍጥነቱን ከ6 ወደ 3 ጊጋቢት ዝቅ ማድረጉ ራሱ መሥመሩ ንጹሕ እንዳልሆነ ማስረጃ ነው። ወደ ደረጃ 5።

«ሃርድ ሪሴቲንግ ሊንክ» ብቻውን ሲደጋገም፣ ወይም ዲስኩ ጠፍቶ ሲመለስ፣ ብዙ ጊዜ የኃይል ነገር ነው። የውጭ ዲስክ ከሆነ «ዩኤስቢ ዲስኮኔክት» ይታይና ዲስኩ በሌላ ስም፣ ኤስዲቢ የነበረው ኤስዲሲ ሆኖ ይመጣል። ፋይል ሲስተሙ ግን አሁንም የድሮውን ስም ስለያዘ የሚጽፈው ሁሉ መሬት ላይ ይወድቃል። ይህም ደረጃ 5 ነው።

«ዩኤኤስ» ብሎ የሚጀምር የ«አቦርት» መስመር ከተደጋገመ የዲስክ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቺፕ ከዩኤኤስ (ፈጣን የዩኤስቢ ዲስክ ልውውጥ) አሠራር ጋር አልተስማማም። መፍትሔው እዚያው ደረጃ 5 ላይ አለ።

ከኤክስት4 መስመር በፊት ምንም የዲስክ ቅሬታ ከሌለ፣ ዲስኩ ያነበበውን በትክክል አነበብኩ እያለ ይዘቱ ግን የተበላሸ ነው ማለት ነው። ያኔ ጥርጣሬው ራም፣ ድንገተኛ የኃይል መቋረጥ ወይም ሁለቴ ማውንት መደረግ ነው። ደረጃ 6ንና 7ን ያንብቡ፤ ደረጃ 4ን ግን አይዝለሉ።

አንድ ተጨማሪ መረጃ ራሱ ፋይል ሲስተሙ ይይዛል፦

ሱዶ ቲዩን2ኤፍኤስ -ኤል /ዴቭ/ኤስዲቢ1

ከውጤቱ ውስጥ «ኤፍኤስ ኤረር ካውንት»፣ «ፈርስት ኤረር ታይም» እና «ላስት ኤረር ታይም» የሚሉትን ወረቀቱ ላይ ይገልብጡ። ኤክስት4 የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስህተት መቼ እንደደረሰ እዚህ ይመዘግባል። የመጀመሪያው ሰዓት ዲስክ ከተነቀለበት፣ ኃይል ከተቋረጠበት ወይም ራም ከተጨመረበት ቀን ጋር ከገጠመ ግማሽ መልሱ በእጅዎ ነው። ጥገናው ይህን መዝገብ ስለሚያጠፋው አሁኑኑ ይገልብጡት።

ደረጃ 4፦ ዲስኩን ራሱን ይጠይቁ

ሱዶ ስማርትሲቲኤል -ኤ /ዴቭ/ኤስዲቢ

በዩኤስቢ የተገናኘ ዲስክ መልስ ካልሰጠ «-ዲ ሳት» የሚለውን ይጨምሩበት።

ከላይ «ፓስድ» የሚለውን አይተው አይረኩ። ዲስክ ማንበብ የማይችላቸው ሴክተሮች እያሉትም «ፓስድ» ሊል ይችላል። የሚታዩት በመጨረሻው አምድ ያሉ ጥሬ ቁጥሮች ናቸው።

- 5፦ በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች። ከዜሮ በላይ ሆኖ ከቆመ በጥንቃቄ ይከታተሉት፤ እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ ይቀየር።
- 197፦ ማንበብ አቅቶት በይደር የያዛቸው ሴክተሮች። ከዜሮ በላይ ከሆነ አሁን የማይነበብ ዳታ አለዎት። ሴክተሩ ላይ አዲስ ነገር ሲጻፍ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሊመለስ ይችላል፤ ያ ዲስኩ ዳነ ማለት አይደለም፣ 5 ቁጥር ጨምሮ እንደሆነ ይዩ።
- 198፦ ዲስኩ በራሱ ፍተሻ ማንበብ ያቃቱት።
- 199፦ በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል በመንገድ የተበላሹ ልውውጦች። ይህ የገመድ ቁጥር ነው።
- 12 እና 192፦ ዲስኩ ስንት ጊዜ ኃይል እንዳገኘ፣ እና የንባብ ጭንቅላቱ ስንት ጊዜ በድንገት እንደሸሸ። ሰርቨሩን ሳያጠፉ 12 ቁጥር ከጨመረ ዲስኩ ብቻውን ኃይል እያጣ ነው።

ዲስኩ ኤንቪኤምኢ (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ኤስኤስዲ) ከሆነ የሚታዩት ሌሎች ናቸው፦ «ክሪቲካል ዎርኒንግ» ዜሮ መሆን አለበት፤ «ሚዲያ ኤንድ ዳታ ኢንተግሪቲ ኤረርስ» እንዲሁ። «አንሴፍ ሻትዳውንስ» እየጨመረ ከሄደ ሰርቨሩ በአግባቡ ሳይዘጋ ኃይል እያጣ ነው።

ቀጥሎ ረጅሙን ፍተሻ ያስጀምሩ፦

ሱዶ ስማርትሲቲኤል -ቲ ሎንግ /ዴቭ/ኤስዲቢ

ፍተሻው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያነብ ትልቅ ዲስክ ላይ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ግምቱን «-ሲ» የሚለው አማራጭ ይነግርዎታል። አንዳንድ የዩኤስቢ ሳጥኖች ዲስኩን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስለሚያስተኙት ፍተሻው መሀል ላይ ይቋረጣል። ያን ለመከላከል በየደቂቃው የስማርትሲቲኤል ጥያቄ የሚልክ ትንሽ ሉፕ ያስኪዱ። ውጤቱን «-ኤል ሴልፍቴስት» ያሳያል። «ሪድ ፌይለር» ካለ ከጎኑ ያልተነበበው ሴክተር ቁጥር አለ፤ ምርመራው እዚህ አበቃ፣ ዲስኩ ይቀየር።

የሚሞት ዲስክ ላይ ኤፍኤስሲኬ አያስኪዱ። መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ ወደ ባዶው ዲስክ ይገልብጡ፣ ጥገናውን ግልባጩ ላይ ያድርጉ። ባዶው ዲስክ ኤስዲሲ ቢሆን፦

ሱዶ ዲዲሬስኪዩ -ዲ -ኤፍ -ኤን /ዴቭ/ኤስዲቢ /ዴቭ/ኤስዲሲ ካርታ
ሱዶ ዲዲሬስኪዩ -ዲ -ኤፍ -አር3 /ዴቭ/ኤስዲቢ /ዴቭ/ኤስዲሲ ካርታ

የመጀመሪያው ዙር የሚነበበውን ሁሉ በፍጥነት ያወጣል፤ አስቸጋሪውን ይዘላል። ሁለተኛው ወደ ተዘለለው ተመልሶ ሦስት ጊዜ ይሞክራል። እንዲህ የሚከፈለው ዲስኩ በየትኛውም ደቂቃ ሊሞት ስለሚችል ቀላሉ ዳታ ቀድሞ እንዲድን ነው። «ካርታ» የተባለው ፋይል የተነበበውን ስለሚመዘግብ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ሦስተኛ ዲስክ ላይ ያስቀምጡት። ምንጩ መጀመሪያ፣ መድረሻው ቀጥሎ ነው። ከተገላበጠ ባዶው ዲስክ ዳታዎን ይደመስሰዋል፤ አስገባ ቁልፉን ከመጫንዎ በፊት የሁለቱን ሲሪያል ቁጥር በ«ስማርትሲቲኤል -አይ» ያረጋግጡ።

ደረጃ 5፦ ገመድና ኃይል

በቤት ሰርቨር ላይ ተመላላሽ ስህተት ሲኖርና ስማርት (ደረጃ 4 ላይ የታየው የዲስኩ የጤና መዝገብ) ንጹሕ ሲሆን መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ነው፤ ርካሽም ነው።

ሀ. 199 ቁጥርን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ይህ ቁጥር ተመልሶ ዜሮ አይሆንም፤ ስለዚህ ትልቅ መሆኑ ብቻውን ምንም አይናገርም። የሚናገረው መጨመሩ ነው።

ለ. ሰርቨሩን አጥፍተው ኃይሉን ይንቀሉ። የሳታ ዳታ ገመዱን በአዲስ ይቀይሩ፤ የድሮውን ነቅሎ መልሶ መሰካት ለጊዜው ሊያስተካክለው ስለሚችል ምርመራውን ያደናግራል። ገመዱ በኃይል አይታጠፍ፣ ከ1 ሜትር አይብለጥ፣ የሳጥኑ መክደኛም አይጫነው።

ሐ. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ገመዱንም፣ ወደቡንም፣ ኃይሉንም አንድ ላይ ከቀየሩ ችግሩ ቢጠፋ እንኳ የትኛው እንደነበር አያውቁም፤ የተበላሸውን ገመድ ነገ ሌላ ዲስክ ላይ ይሰኩታል።

መ. አስነሥተው ዲስኩን ያስጨንቁት፤ ቢያንስ 50 ጊጋባይት ያህል ከዲስኩ ያንብቡ። ከዚያ 199ን ይዩ። ለምሳሌ በፊት 412 ከነበረና አሁንም 412 ከሆነ ገመዱ ነበር። 437 ከሆነ ችግሩ ገና አለ፤ በማዘርቦርዱ ላይ ወደ ሌላ ወደብ ያዛውሩና ይድገሙት።

ኃይልን በተመለከተ ዋናው ተጠርጣሪ ማከፋፈያው ነው። ከአንድ የኃይል መሰኪያ ሦስት አራት ዲስክ የሚያስነሣ ማከፋፈያ ካለ ያውጡትና ዲስኩን በቀጥታ ከኃይል ሰጪው ያገናኙ። ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ሲነሣ በ12 ቮልት መሥመር ላይ ወደ 2 አምፔር ሊስብ ይችላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲነሡ በቀጭን ማገናኛ ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ዲስኩ ለቅጽበት ይጠፋል፣ ከርነሉም «ሃርድ ሪሴቲንግ ሊንክ» ይላል። ማገናኛው የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ካለው በጭራሽ መልሰው አይጠቀሙበት፤ እሳት ያስነሣል።

የዩኤስቢ ዲስክ ኃይሉን ከወደቡ የሚያገኝ ከሆነ አቅሙ ውስን ነው፦ ዩኤስቢ 2 ወደብ 500፣ ዩኤስቢ 3 ወደብ 900 ሚሊአምፔር። ራስበሪ ፓይ 4 ለሁሉም ወደቦቹ በድምሩ 1.2 አምፔር ብቻ ይሰጣል። ራስበሪ ፓይ 5 ባለ 5 አምፔር ኃይል ሰጪ ሲኖረው 1.6 አምፔር፣ ሳይኖረው 600 ሚሊአምፔር ነው። ስለዚህ ፓይ ላይ የተሰካ የሚሽከረከር ዲስክ የራሱ ኃይል ባለው ሃብ በኩል ይሰካ። ፓይ ኃይል እንዳነሰው ለማወቅ «ቪሲጄንሲኤምዲ ጌት_ትሮትልድ» ይጠይቁ፤ 0ኤክስ0 ጥሩ ነው፤ 0ኤክስ50000 ደግሞ ከተነሣ ወዲህ ቮልቴጅ አንሶት ሥራውን ቀንሶ እንደነበር ይናገራል።

የዩኤኤስ ችግር ከሆነ የሳጥኑን መለያ በ«ኤልኤስዩኤስቢ» ያግኙ፤ በሁለት ነጥብ የተለያዩ አራት አራት አኃዞችና ፊደሎች ናቸው። ከዚያ በከርነሉ ማስነሻ መስመር ላይ «ዩኤስቢ-ስቶሬጅ.ኩዊርክስ» የሚለውን፣ የእኩል ምልክት፣ መለያውን፣ ሁለት ነጥብና «ዩ» ፊደልን ያለ ክፍተት ያክሉና ዳግም ያስነሡ። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ መረጋጋቱ ግን ይበልጣል።

ደረጃ 6፦ ራም

ስማርት ንጹሕ፣ 199 የቆመ፣ ስህተቱ ግን በየጊዜው በተለያየ ፋይልና ማውጫ ላይ ከሆነ ራሙን ይጠርጥሩ። ወደ ዲስክ የሚሄደው ሁሉ በራም ስለሚያልፍ አንዲት የተገለበጠች ቢት ልክ እንደሆነች ተደርጋ ትጻፋለች።

ከሜምቴስት86ፕላስ ዩኤስቢ አስነሥተው ቢያንስ አራት ዙር፣ ሌሊቱን ሙሉ ያስኪዱት። አንዲት ስህተት እንኳ ብዙ ናት። ስህተት ከተገኘ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለውን የፍጥነት ማሻሻያ አጥፍተው ይድገሙ፤ ከዚያ ራሞቹን አንድ በአንድ ይፈትሹ።

ደረጃ 7፦ ሁለቴ ማውንት መደረጉን ያጣሩ

ይህ ብዙም አይታሰብም፤ ጉዳቱ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ኤክስት4ና ኤክስኤፍኤስ አንድ ከርነል ብቻ እንደሚጠቀምባቸው ያምናሉ። ዲስኩን ለቨርቹዋል ማሽን በቀጥታ ሰጥተው ዋናው ሰርቨርም ማውንት ካደረገው፣ ወይም አንድ የአይስካዚ (በኔትወርክ የሚገናኝ) ዲስክ ሁለት ማሽኖች ከተጠቀሙበት፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያውቅ ይጽፍበታል። ስህተቱ በየጥቂት ቀኑ ይመለሳል፤ ሃርድዌሩ ግን በሙሉ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። አንዱ «ለንባብ ብቻ» ቢሆንም አያድንም፤ ኤክስት4 ለንባብ ብቻ ሲከፈትም ጆርናሉን (ያላለቁ ለውጦች የሚመዘገቡበትን) ለማስተካከል ሊጽፍ ይችላል።

ዋናው ሰርቨር ላይ «ፋይንድኤምኤንቲ»ን አስኪደው ለቨርቹዋል ማሽን የተሰጠው ዲስክ በዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩን ያረጋግጡ። ፋይሎቹ በሁለቱም ማሽኖች ካስፈለጉ አንዱ ማውንት ያድርግ፣ ሌላው በኔትወርክ፣ በኤንኤፍኤስ ወይም በሳምባ፣ ይጠቀም። መከላከያ ከፈለጉ ፋይል ሲስተሙን ዩማውንት አድርገው «ቲዩን2ኤፍኤስ -ኦ ኤምኤምፒ» ይስጡት፤ «ኦ» ትልቅ ፊደል ነች። ከዚያ በኋላ ኤክስት4 ሌላ ማሽን እየተጠቀመበት ከሆነ ማውንት አልሆንም ይላል።

ደረጃ 8፦ አሁን ይጠግኑ

ምንጩ ተገኝቶ ከተወገደ በኋላ ብቻ ወደዚህ ይምጡ። ሩት ፓርቲሽን ከሆነ ከላይቭ ዩኤስቢ ይነሡ። ሌላ ፓርቲሽን ከሆነ «ዩማውንት» ያድርጉ፤ በሥራ ላይ ነው ካለ የያዘውን ፕሮግራም «ፊዩዘር -ቪኤም» ያሳይዎታል።

መጀመሪያ ሳይነኩ ይመልከቱ፦

ሱዶ ኢ2ኤፍኤስሲኬ -ኤፍ -ኤን /ዴቭ/ኤስዲቢ1

«-ኤፍ» ንጹሕ ነኝ ቢልም እንዲፈትሽ ያስገድደዋል፤ «-ኤን» ለሁሉም ጥያቄ አይ ይላል፣ ምንም አይጽፍም። የሚዘረዝራቸው ጥቂት ከሆኑ ይቀጥሉ። ዝርዝሩ ማያ ገጹን ሞልቶ ከፈሰሰ ግን ከመጠገንዎ በፊት ዲስኩን በዲዲሬስኪዩ ይገልብጡ።

ከዚያ፦

ሱዶ ኢ2ኤፍኤስሲኬ -ኤፍ -ዜድ /ሌላ/ቀልብስ /ዴቭ/ኤስዲቢ1

«-ዜድ» ከመቀየሩ በፊት የነበረውን ይዘት «ቀልብስ» ወደተባለው ፋይል ይጽፋል፤ ፋይሉ የግድ ሌላ ዲስክ ላይ ይሁን። ጥገናው ነገሩን ካባባሰው «ኢ2አንዱ» በሚባለው መሣሪያ ወደ ነበረበት ይመለሳል። «-ዋይ» ለሁሉም እሺ ስለሚል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠግኑ አይጨምሩት፤ ጥያቄዎቹን ጥቂት ያንብቡና ባሕርያቸውን ከተረዱ በኋላ ይወስኑ።

ሲጨርስ ወዲያው «ኤኮ» ብለው የዶላርና የጥያቄ ምልክት አጣብቀው ይጻፉ። 0 ስህተት የለም፣ 1 ተስተካክሏል፣ 2 ተስተካክሏል ግን ዳግም ይነሣ፣ 4 ያልተስተካከለ ቀርቷል ማለት ነው። 1 ካለ ያንኑ ትዕዛዝ ይድገሙት፤ ሁለተኛው ዙር 0 መስጠት አለበት። ሁለተኛውም ዙር አዲስ ስህተት ካገኘ ሃርድዌሩ አሁንም እያበላሸ ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ።

ሱፐርብሎኩ (የፋይል ሲስተሙ ዋና መግለጫ) አልተነበበም ካለ «-ቢ 32768» ይጨምሩ፤ ካልሆነ 98304። እነዚህ ባለ 4 ኪሎባይት ብሎክ ፋይል ሲስተም ላይ መጠባበቂያ ሱፐርብሎክ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች ናቸው። ስም አልባ የሆኑ ፋይሎች «ሎስትፕላስፋውንድ» ማውጫ ውስጥ በቁጥር ተሰይመው ይገኛሉ፤ ዓይነታቸውን «ፋይል» የሚለው ትዕዛዝ ይነግርዎታል።

ኤክስኤፍኤስ፦ «ኤፍኤስሲኬ.ኤክስኤፍኤስ» ምንም አይሠራም፤ የሚሠራው «ኤክስኤፍኤስ_ሪፔር» ነው። የፋይል ሲስተሙ የራሱ ሎግ አልጸዳም ካለ አንድ ጊዜ ማውንት አድርገው ዩማውንት ያድርጉትና ይድገሙ። በትልቁ «-ኤል» ሎጉን መደምሰስ የቅርብ ጊዜ ለውጦችን ስለሚያጠፋ ማውንት ፈጽሞ እምቢ ሲል ብቻ ነው።

ቢቲአርኤፍኤስ፦ «ቼክ» ከሚለው ትዕዛዝ ጋር «ሪፔር» የሚለውን አማራጭ አይንኩ፤ ሊያባብሰው ይችላል። «ቢቲአርኤፍኤስ ስክረብ ስታርት» ያስኪዱ፤ ሁለተኛ ቅጂ ካለው ከእሱ ይጠግናል፣ ከሌለው የተበላሸውን ፋይል ስም ሎጉ ላይ ይጽፋል። «ዲቫይስ ስታትስ» የሚያሳየው «ኮራፕሽን» እየጨመረ የንባብና የጽሕፈት ስህተት ዜሮ ከሆነ ራሙን መልሰው ይፈትሹ።

ደረጃ 9፦ መዳኑን ይፈትኑ

አንድ ትልቅ ፋይል ወደ ዲስኩ ይቅዱና የሁለቱንም ቅጂ «ኤስኤችኤ256ሰም» (ከይዘቱ የሚሰላ መለያ ቁጥር) ያነጻጽሩ። ከማነጻጸርዎ በፊት ግን በሩት መብት «3» የሚለውን ቁጥር ወደ /ፕሮክ/ሲስ/ቪኤም/ድሮፕ_ካሽስ ይጻፉ። ይህ ካልተደረገ ሊኑክስ ፋይሉን ከራም ስለሚያነብልዎት ዲስኩ ሳይፈተን ያልፋል።

ቀጥሎ 5፣ 12፣ 197ና 199ን እንደገና ወረቀቱ ላይ ይጻፉ። ከሳምንት በኋላ ያነጻጽሩ። «ቲዩን2ኤፍኤስ -ኤል» አዲስ የስህተት ቁጥር ካላሳየና እነዚህ ካልተንቀሳቀሱ ያቆሟቸውን አገልግሎቶችና ባክአፑን መልሰው ያስጀምሩ።

ደረጃ 10፦ ቀድሞ የሚነግርዎትን ያዘጋጁ

ኤክስት4 ሲፈጠር በስህተት ጊዜ እንዲቀጥል ተደርጎ ነው፤ የዳታ ዲስክ ላይ ይህ ጉዳቱን በዝምታ ያሰፋል። በ«ቲዩን2ኤፍኤስ -ኢ ሪማውንት-አርኦ» ይቀይሩት። ዲስኩ መቆለፉ ያናድዳል፤ የሚያድነው ግን እሱ ነው።

ኤፍኤስታብ (ሲነሣ ማውንት የሚደረጉት የሚዘረዘሩበት ፋይል) ውስጥ የመጨረሻው አኃዝ 0 ከሆነ ፓርቲሽኑ ሲነሣ አይፈተሽም፤ ለዳታ ዲስክ 2 ያድርጉት። ስሙንም በ«ዩዩአይዲ»፣ በማይቀያየረው መለያ፣ ይጻፉ። የውጭ ዲስክ ከሆነ «ኖፌይል» ይጨምሩ፤ አለዚያ ዲስኩ ያልተገኘ ዕለት ሰርቨሩ ሳይነሣ ይቀራል።

ስማርትዲ የሚባለውን አገልግሎት አጭሩን ፍተሻ በየቀኑ፣ ረጅሙን በየሳምንቱ እንዲያስኬድና ለውጥ ሲያይ ኢሜል እንዲልክ ያዘጋጁት። ኢሜሉ በትክክል መድረሱን በ«-ኤም ቴስት» ይሞክሩ፤ «ኤም» ትልቅ ፊደል ነች፣ የምትጻፈውም በስማርትዲ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ነው።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

«ባድብሎክስ» የተባለውን የዲስክ መፈተሻ በመጻፍ ዘዴው ዳታ ያለበት ዲስክ ላይ ማስኬድ። ዲስኩን በሙሉ ይደመስሳል።

ያነሰ ኃይል ያለውን ዲስክ «ተበላሽቷል» ብሎ መጣል፣ አዲሱንም በዚያው ማከፋፈያ ላይ መሰካት። አዲሱም ያንኑ ስህተት ያሳያል።

ሬይድን እንደ ባክአፕ መቁጠር። ራሙ ያበላሸው ዳታ በሁለቱም ዲስኮች ላይ እኩል ተበላሽቶ ይጻፋል። ሬይድ ካለዎት ደግሞ ዲስኮቹ ስህተት ሲገጥማቸው ስንት ሰከንድ እንደሚታገሉ በ«ስማርትሲቲኤል -ኤል ኤስሲቲኢአርሲ» ይዩ፤ ብዙ ተራ ዲስኮች ከከርነሉ የ30 ሰከንድ ትዕግሥት በላይ ስለሚቆዩ በአንዲት መጥፎ ሴክተር ምክንያት ሙሉው ዲስክ ከሬይዱ ይባረራል። የሚቀበል ዲስክ ላይ 70,70 ይስጡት፤ 7 ሰከንድ ማለት ነው። ብዙዎቹ ኃይል ሲጠፋ ስለሚረሱት ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር በአገልግሎት መልክ ይደገም። የማይቀበል ከሆነ ከርነሉ ለዚያ ዲስክ የሚጠብቅበትን ጊዜ ወደ 180 ሰከንድ ያሳድጉ።